አይሮፕላን በምድር ላይ ሲጎተት፤ ስለ መሣሪያው አደጋና ስለ መጠንቀቂያው

ከደመና በላይ ስለሚደርስ አደጋ ሁላችንም ሰምተናል። አይሮፕላን በተነሣ ቍጥር የሰው ሐሳብ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ተሳፋሪውም ጸሎቱን የሚጀምረው ጎማው ከመሬት ሲለቅ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ታላቅ ዕቃ ከመብረሩ በፊትና ካረፈ በኋላ በምድር ላይ የሚገፋና የሚጎተት ከባድ ጭነት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በዚያ በዝግታ በሚደረገው ጉዞ ጣታቸውን፣ እግራቸውን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወታቸውን የሚያጡ ሠራተኞች እንዳሉ የሚያስብ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው።

ውድ አንባብያን፤ «የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ትራክተርና ስለ ጎማ ምን አገባቸው?» ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችንም አጭር ነው። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ አይሮፕላን ማረፊያ የምድር ሠራተኛ የሆነው፣ አይሮፕላን ለመግፋት ሲዘጋጅ የግራ እግሩ ከጕልበቱ በታች ተሰበረ። ልንጠይቀው ሄደን ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወተን። የነገረንን ከሰማን በኋላ ስለ ሥራው ስናነብና የሚያውቁትን ስንጠይቅ ከረምን። ከተማርነውም ውስጥ አብዛኛው የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የማንኛውም አስተዋይ ሰው ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው፣ በዚህ መጽሔት ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ለማካፈል ወደድን። ከመካከላችንም ትምህርቱን ሲጨርስ በአይሮፕላን ማረፊያ ሥራ የሚቀጠር አይጠፋምና ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

1ኛ/ አይሮፕላን ስለ ምን ይገፋል?

መኪና ወደ ኋላ ለመሄድ ማርሽ አለው። ሞተሩ ጎማውን ስለሚያዞር፣ ጎማው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሊዞር ይችላል። የአይሮፕላን ሞተር ግን ከጎማው ጋር አይገናኝም። አየርን ወደ ኋላ በመወርወር አይሮፕላኑን ወደ ፊት ይነዳዋል እንጂ ጎማውን አያዞርም። አፍንጫውን ወደ ተርሚናሉ አድርጎ የቆመ አይሮፕላን እንግዲህ ወደ ኋላ የሚወጣበትን ኀይል ከሌላ መበደር አለበት። አንዳንድ የጄት አይሮፕላኖች የሞተራቸውን ግፊት ወደ ፊት መልሰው ወደ ኋላ መሄድ መቻላቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከሞተሩ የሚወጣው ነፋስ ጠጠሩን ወደ ሰውና ወደ ሕንፃ ስለሚበትን፣ ነዳጅም ስለሚያባክን፣ ዘዴው የተለመደ አይደለም። ስለዚህ የተለመደው ትራክተር ነው።

አሁን የክብደቱን ነገር እንመልከት። ቦይንግ 737-800 የሚባለው መካከለኛ አይሮፕላን ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲነሣ እስከ 79 ቶን ይመዝናል፤ ቦይንግ 777-300ኢአር ደግሞ እስከ 351 ቶን ይደርሳል። እነዚህ ሁለቱም ዓይነቶች በአገራችን አየር መንገድ የሚበሩ ናቸው። እንግዲህ 60 ቶን የሚመዝን አይሮፕላን በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ማለት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጎተት እንበል። ሒሳቡን ስንሠራው በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለው ጕልበት አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ ካለው ጕልበት ጋር እኩል ነው። በዚህ ፍጥነት ከሚመጣ መኪና ፊት ማንም አይቆምም። ከአይሮፕላን ጎማ ፊት ግን፣ ዝግታው ዐይንን ስለሚያታልል፣ ሰው ሳይፈራ ይቆማል። የአደጋው ሁሉ ሥር ይህ ነው።

2ኛ/ መሣሪያዎቹ

በዚህ መጽሔት ሥዕል ለማውጣት ስለማይመቸን በቃል እንግለጻቸው።

የመጀመሪያው ትራክተሩ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ክብደቱ ግን ሆን ተብሎ የበዛ ነው። ክብደት የሌለው ትራክተር ሞተሩ ብርቱ ቢሆን እንኳ ጎማው በመሬት ላይ ስለሚሽከረከር አይሮፕላኑን አያነቃንቀውም።

ሁለተኛው ሠራተኞቹ ቶው ባር የሚሉት የመጎተቻ ዘንግ ነው። አንዱ ጫፍ ከአይሮፕላኑ የፊት ጎማ እግር ጋር፣ ሌላው ጫፍ ከትራክተሩ ጋር ይያያዛል። የዘንጉ ራስ ለእያንዳንዱ የአይሮፕላን ዓይነት የተለየ ነው፤ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይሆንም።

በዘንጉ ራስ ላይ ሺር ፒን የሚባሉ ትናንሽ ፒኖች አሉ። እነዚህ ፒኖች የተሠሩት እንዲሰበሩ ነው። አንዱ ከመጠን ያለፈ መሳብና መግፋት፣ ሌላው ከመጠን ያለፈ መጠምዘዝ ሲመጣ ተሰብረው የአይሮፕላኑን እግር ያድናሉ። ፒኑ የሚሰበረው ዋጋው እጅግ የከበደውና የሰው ሕይወት የተመሠረተበት የአይሮፕላኑ እግር እንዳይሰበር ነው። ስለዚህ በተሰበረው ፒን ፈንታ «ይህስ ጠንካራ ነው» ብሎ ተራ ብሎን የሚያስገባ ሰው፣ ረዳሁ ብሎ ታላቅ ጥፋት ያደርሳል። ጉዳቱ ከፒኑ ወደ አይሮፕላኑ እግር ይዛወራል፤ እግሩም ጉዳቱን ደብቆ ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣል።

ሦስተኛው ዘንግ የሌለው ትራክተር ነው። ይህ የአይሮፕላኑን የፊት ጎማ አቅፎ ከመሬት ያነሣል። ዘንጉ ስለ ቀረ የዘንጉ አደጋ ቀርቷል፤ ነገር ግን ነጂው ከልክ በላይ ቢጠመዝዝ ወይም ቢፈጥን ጉዳቱ በቀጥታ በአይሮፕላኑ እግር ላይ ይወርዳል።

አራተኛው ታኮ ነው። የጭነት መኪና ረዳት በዳገት ላይ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሲያስገባ ያላየ ከመካከላችን የለም። የአይሮፕላን ታኮም ሥራው ይኸው ነው። ሕጉም ቀላል ነው፤ ትራክተሩ ከአይሮፕላኑ ጋር ሳይያያዝና ፍሬኑ መያዙ ሳይረጋገጥ ታኮ አይነሣም።

3ኛ/ አደጋዎቹ

ሀ) የመሪው አደጋ። የአይሮፕላን የፊት ጎማ የሚዞረው በሃይድሮሊክ ግፊት ነው። በብዙዎቹ ታላላቅ አይሮፕላኖች ይህ ግፊት በአንድ ካሬ ኢንች 3,000 ፓውንድ ያህል ነው። ትራክተሩ ጎማውን ወደ ቀኝ ሲያዞር ሃይድሮሊኩ ወደ መካከል ልመልስ ቢል፣ ሁለት ብርቱዎች በአንድ ዘንግ ይታገላሉ። ከዚህም የከፋው፣ ዘንጉ ከጎማው ጋር ታስሮ ከትራክተሩ ጋር ገና ሳይያያዝ ግፊቱ ቢመጣ፣ ጎማው ሲዞር የዘንጉ ጫፍ እንደ ማጭድ ሜዳውን ያጭዳል። በዚያ የቆመ ሰው እግሩን ይመታል። ይህን ለመከላከል ባይፓስ ፒን የተባለ አንድ ትንሽ ፒን በፊት ጎማው እግር ላይ ይገባል። ፒኑ በገባ ጊዜ መሪው ከሃይድሮሊኩ ግፊት ይለያል። ከፒኑ ላይ ረጅም ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ ከሩቅ እንዲታይ ነው። መግፋቱ ሲያልቅ ሠራተኛው ፒኑን ያወጣና ወደ ጎን ሄዶ ቀዩን ጨርቅ ለአብራሪው ያሳያል። አብራሪውም መሪው እንደ ተመለሰለት በዚህ ያውቃል።

ለ) የማዞሪያው ልክ። የፊት ጎማው ያለ ገደብ አይዞርም። በብዙ ዓይነቶች ላይ የልኩ ምልክት በቀይ ቀለም ተጽፎ ይገኛል። ነጂው ያንን ምልክት ቢያልፍ ሺር ፒኑ ይሰበራል፤ ፒኑ ባይሰበር ደግሞ እግሩ ይጎዳል። ምልክቱን ማለፉን ያወቀ ሰው ለበላዮቹ ሊናገር ይገባዋል። ከውጭ ምንም ባይታይም መካኒኮቹ መመርመር አለባቸውና።

ሐ) የፍሬኑ አደጋ። ሞተሩ የጠፋ አይሮፕላን ሃይድሮሊክ የሚገፉት ፓምፖች ስለማይሠሩ፣ ፍሬኑ የሚይዘው በማጠራቀሚያ ውስጥ በቀረው ግፊት ነው። ያ ግፊት ለጥቂት ጊዜ መርገጥ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲጎተት በአብራሪው ወንበር የሚቀመጠው ሰው አስቀድሞ የግፊቱን መለኪያ ማየት አለበት። ዘንጉ ቢሰበርና አይሮፕላኑ ብቻውን ቢሄድ፣ በዚያን ሰዓት የሚያቆመው እሱ ብቻ ነው። ሲይዝም በዝግታ ይያዝ፤ ወደ ኋላ የሚሄድ አይሮፕላን በድንገት ቢያዝ አፍንጫው ተነሥቶ በጅራቱ ሊቀመጥ ይችላል። ዘንጉ ደኅና ሳለ ደግሞ ፍሬን መርገጥ ራሱ ዘንጉን መስበር ነውና፣ ማቆሙ የትራክተሩ ነጂ ፈንታ ነው።

መ) የክንፍና የጅራት አደጋ። የ777-300ኢአር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 65 ሜትር ይሰፋል። ከአፍንጫው ሥር የተቀመጠ ነጂ ሁለቱን ጫፎችና ጅራቱን ሊያይ አይችልም። ከዚህም በላይ የጄት ክንፍ ወደ ኋላ የተሳበ ስለ ሆነ፣ አይሮፕላኑ ሲዞር የክንፉ ጫፍ ነጂው ከገመተው ቦታ ወደ ውጭ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ በየክንፉ ጫፍ አንዳንድ ጠባቂ ያስፈልጋል። ሥራቸው በመርካቶ ጠባብ መንገድ የጭነት መኪናውን «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ ወደ ኋላ የሚያስገባው ረዳት ሥራ ነው። ልዩነቱ፣ ከጠባቂው አንዱ ከነጂው ዐይን ቢሰወር «በቃ» የሚለውን ሳይጠብቅ ነጂው መቆም ያለበት መሆኑ ነው።

የዚህን ምሳሌ ከውጭ አገር እንስጥ፤ ዘመኑ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። ጃንዋሪ 5 ቀን 2018 በቶሮንቶ ፒርሰን አይሮፕላን ማረፊያ፣ 168 መንገደኞች የያዘ ቦይንግ 737 አርፎ ወደ መቆሚያው ለመግባት ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሰው ያልተሳፈረበት ሌላ 737 በትራክተር ሲገፋ መጣና ተጋጩ። የሚገፋው አይሮፕላን ጅራት በእሳት ተያያዘ፤ መንገደኞቹም በአደጋ መውጫ በኩል እየተንሸራተቱ ወረዱ። እንደዚሁም ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2023 በሎስ አንጀለስ፣ በሌሊት የሚጎተት ኤርባስ ኤ321 ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ሰዎች ቆሰሉ። በሁለቱም ሥፍራ የሚገፋው ወይም የሚጎተተው አይሮፕላን ሞተሩ አልተነሣም፣ መንገደኛም አልያዘም፣ የሄደውም በዝግታ ነው። በሌሊት የሚጎተት አይሮፕላን መብራቱ እንዲበራ፣ መንገድ ሲያቋርጥም ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚታዘዘው በከንቱ አይደለም።

ሠ) የጎማና የሞተር አደጋ። በጆሮ ማዳመጫ ከአብራሪው ጋር የሚነጋገረው ሠራተኛ ከአይሮፕላኑ ጋር እየተራመደ ይሄዳል። ገመዱ አጭር ከሆነ ወደ ጎማው ይስበዋል፤ ቢደናቀፍ ጎማው ይቀድመዋል። ስለዚህ በትራክተሩና በፊት ጎማው መካከል መራመድ፣ የሚንቀሳቀስ ዘንግ መሻገር፣ ወንበር በሌለበት የትራክተር ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ሞተር የተነሣ እንደ ሆነ ደግሞ ከፊት የሚስብ፣ ከኋላ የሚጥል ነፋስ አለ።

ረ) የዝናብ አደጋ። መሬቱ ዝናብ ሲመታው ወይም ዘይት ሲፈስበት የትራክተሩ ጎማ መያዣ ያጣል። ያን ጊዜ አይሮፕላኑ ትራክተሩን ይገፋዋል እንጂ ትራክተሩ አይሮፕላኑን አይገፋውም። ዘንጉም እንደ ክርን ይታጠፋል። በክረምት ፍጥነትን መቀነስ ከፈሪነት አይቈጠርም።

4ኛ/ ስለ ቃልና ስለ ምልክት

እስካሁን የጻፍነው ስለ ብረት ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኛ የቋንቋ ተማሪዎች ድርሻ ነው።

በመግፋት ሥራ ላይ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከላይ በወንበሩ፣ ሌላው ከታች በሜዳው፣ ሳይተያዩ ይነጋገራሉ። የታችኛው «ፍሬን ይለቀቅ» ሲል የላይኛው «እሺ» ብሎ ዝም አይልም፤ «ፍሬን ተለቋል» ብሎ ነገሩን ራሱን ይመልሳል። «እሺ» በአማርኛችን ስንት ትርጕም እንዳለው እናውቃለን። ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ አደርጋለሁ ማለት ነው፣ አድርጌአለሁ ማለት ነው፣ አንዳንዴም ተወኝ ማለት ነው። በሌላውም ቋንቋ እንዲሁ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ እያንዳንዱ ቃል አንድ ትርጕም ብቻ እንዲኖረው ተደርጓል፤ የሰማውም ደግሞ እንዲናገረው ታዟል። የእጅ ምልክትም እንደዚሁ የተወሰነ ነው፤ በሞተር ጩኸት ውስጥ ጆሮ ስለማያገለግል ዐይን ይተካዋል።

ምልክት በስሕተት ሲነበብ የሚደርሰውን ዲሴምበር 16 ቀን 2015 በሙምባይ፣ ሕንድ፣ የሆነው ያስረዳል። አንድ ኤርባስ ኤ319 ተገፍቶ ወደ ኋላ ከወጣ በኋላ፣ የምድር መካኒኩ ገና ከሥፍራው ሳይለቅ አይሮፕላኑ መሄድ ጀመረ። ሰውዬውም በሞተሩ ተስቦ ሞተ። ምልክትን በስሕተት መረዳት የአደጋው ምክንያት ሆኖ ተነግሯል። በዚያ ቀን የተሰበረ ፒን ወይም የፈነዳ ጎማ አልነበረም፤ የተበላሸው መግባባት ነው።

5ኛ/ ስለ ይሉኝታ

አሁን ወደ ወንድማችን ነገር እንመለስ። በዚያ ቀን እሱ ዘንጉን ከፊት ጎማው ጋር አስሮ፣ ሌላውን ጫፍ ከትራክተሩ ጋር ለማያያዝ አጐንብሶ ነበር። ባይፓስ ፒኑን የማስገባት ተራው የነጂው ነበር። ነጂው በዕድሜም በሥራም ታላቁ ነው፤ ብዙ ዘመን የሠራ፣ ሥራውንም ያስተማረው ሰው ነው። ወንድማችን ቀዩ ጨርቅ ከትራክተሩ ወንበር አጠገብ እንደ ተንጠለጠለ በዐይኑ አየው። ፒኑ አልገባም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ከላይ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ተነሣ። ጎማው ዞረ፤ ዘንጉም ጠረገው።

«አይተኸው ከሆነ ለምን አልተናገርህም?» ብለን ጠየቅነው። ጥቂት ዝም አለና፣ «ጋሼን ‹ፒኑን ረስተዋል› ልበላቸው? ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው እኮ። ሳያስቡት አይቀሩም ብዬ ነው» አለን። ነጂው በየሳምንቱ እየመጡ ይጠይቁታል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው «ምነው ልጄ፣ አንዲት ቃል!» እያሉ ያለቅሳሉ ብሎም ነገረን።

ይህን ከሰማን ወዲህ ብዙ ተወያየን። ታላቅን ማክበር አባቶቻችን ያወረሱን መልካም ነገር ነው፤ እኛም አንጥለውም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» የሚለውም ተረት በሸንጎና በጐረቤት መካከል ጥበብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአይሮፕላን ሥር፣ 60 ቶን በሚንቀሳቀስበት ሜዳ፣ ዝም ያለ አፍ እግር ያስቈርጣል። አክብሮት ማለት ታላቁ በስሕተቱ ሰው ገድሎ በጸጸት እንዳይኖር መጠበቅ ጭምር ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታዎን፤ ፒኑ ገብቷል?» የሚለው ቃል ስድብ የለበትም፤ የሚወስደውም ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በታናሹ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። «ቁም!» ያለ ታናሽ፣ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ሳይሳቅበትና ሳይቈጡት ሥራው መቆም አለበት። ይህ ሕግ ሆኖ ከላይ ካልመጣ፣ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል። ደግሞም ፒኑን አንዱ ሲያስገባ ሌላው በእጁ ነክቶ እንዲያረጋግጥ ቢታዘዝ፣ መጠየቁ ድፍረት መሆኑ ይቀርና የሥራው ሥርዓት ይሆናል። ሥርዓት ይሉኝታን ያስቀራል፤ ምክር ብቻውን ግን አያስቀረውም።

6ኛ/ ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርነውን ለማስታወስ እንዲመች በአጭሩ እንድገመው።

ዘንጉ ለአይሮፕላኑ ዓይነት የተሠራው ይሁን፤ ሺር ፒኑም ትክክለኛው ይሁን። ባይፓስ ፒኑ መግባቱን ሁለት ሰዎች ይዩት። የፍሬኑ ግፊት አስቀድሞ ይለካ። ታኮ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው። የክንፍ ጠባቂ ከዐይን ከተሰወረ ጉዞው ይቁም። በጎማና በትራክተር መካከል ማንም አይግባ። የተነገረው ቃል ተደግሞ ይመለስ። ጥርጣሬ ያደረበት፣ ታናሽም ቢሆን፣ «ቁም» ይበል።

ለመወያያ የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች እንተዋለን።

ሀ) እንዲሰበር ተደርጎ የተሠራ ፒን አይሮፕላኑን የሚያድነው እንዴት ነው?

ለ) በዝግታ የሚሄድ ከባድ ነገር ፈጥኖ ከሚሄድ ቀላል ነገር ይልቅ ሰውን የሚያዘናጋው ስለ ምንድር ነው?

ሐ) እያንዳንዳችን በቤታችን፣ በክፍላችንና ወደ ፊት በምንሠራበት ቢሮ፣ ቀዩን ጨርቅ አይተን ዝም ያልንበት ጊዜ አለን?

የመጨረሻውን ጥያቄ ለራሳችንም አቅርበናል። ወንድማችን አሁን በምርኵዝ መራመድ ጀምሯል። ወደ ሥራው ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ ምን እንደሚያደርግ ስንጠይቀው፣ «እጠይቃለሁ» አለን። ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ እኛም አላገኘንም።